ትንሽ ከተማ ላይ ቤት ገዝቶ ለመኖር፦ ከአፈሩ እስከ ካርታው

የአዲስ አበባ ኪራይ ያንገሸገሻቸው፣ ጡረታ ወጥተው ወደ ትውልድ ቀያቸው መግባት የሚፈልጉ፣ ጂዳ ወይም ዋሽንግተን ሆነው ለእናታቸው ቤት መግዛት ያሰቡ ሰዎች መጀመሪያ የሚያነሱት ዋጋን ነው። «እዚያ እኮ ርካሽ ነው አይደል?» ይላሉ። አዎ፣ ከአዲስ አበባ ጋር ሲተያይ ርካሽ ነው። ግን ትንሽ ከተማ ላይ ቤት ገዢን የሚያከስረው ሌላ ነገር ነው። ሚያዝያ ላይ የሚደርቀው ቧንቧ ያከስራል። ነሐሴ ላይ ሳሎን የሚገባው ጎርፍ ያከስራል። ሽያጩ ላይ ያልፈረመው ወንድም ደግሞ ከሁሉም በላይ ያከስራል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ። መጀመሪያ ከተማውን፣ ቀጥሎ መሬቱንና ውኃውን፣ ከዚያ ወረቀቱን እዩ። የቤቱ ውበት ይቆይ። ቤት ይታደሳል፤ መጥፎ አፈርና የተበላሸ ወረቀት ግን አብሯችሁ ይኖራል።

ትንሽ ከተማ ስል እንደ ፍኖተ ሰላም፣ ቡታጅራ፣ ፊቼ፣ ቦንጋ ያሉትን፣ ከእነሱም የሚያንሱትን የወረዳ ከተሞች ማለቴ ነው።

1. ከተማውን ምረጡ

የዘመድ ሀገር ስለሆነ ብቻ አትወስኑ። የሚኖርበትን ሰው ጤናና ኑሮ አስቡ።

ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር ጥሩ መለያ ነው። ከዚያ በታች ያለው አብዛኛው አካባቢ የወባ ስጋት አለበት። ሕፃን ወይም ነፍሰ ጡር ካለች አጎበርና ቅርብ ጤና ጣቢያ የግድ ነው። ከዚያ በላይ ሲወጣ ደግሞ ብርዱ አለ። ደጋ ላይ ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ቤት በሐምሌ ለአረጋዊ አይሆንም።

ምዕራብ ወለጋ፣ በተለይ መንዲና ነጆ አካባቢ፣ ምስጥ የቤት ጠላት ነው። እዚያ የእንጨት ቤት ከገዛችሁ የምስጥ ወጪ በየጊዜው እንዳለባችሁ ቁጠሩት። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ መቂና ዝዋይ አካባቢ ደግሞ የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የሰፈሩን ልጆች ጥርስ እዩ። ብዙዎቹ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ካለ ውኃው መልሱን ነግሯችኋል። ማፍላት ደግሞ አይረዳም። ውኃው ሲተን ፍሎራይዱ እዚያው ይቀራል፣ እንዲያውም ይጠነክራል። መተሐራ ያሰባችሁ ካላችሁ የበሰቃ ሐይቅ ለአሥርት ዓመታት ወደ ከተማው ሲሰፋ የኖረ ሐይቅ ነው። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬት ደጋግሞ ተንቀጥቅጦ ቤቶች ተሰነጣጥቀዋል። እዚያ አትኑሩ አልልም። ግን እነዚህን ነገሮች ሳያውቁ መግዛት አይገባም።

የሰላሙን ነገርም በግልጽ እናንሳው። መንገዱ ክፍት ነው ወይ? ባንኩ ይሠራል? ማዘጋጃ ቤቱ ባለጉዳይ ያስተናግዳል? እነዚህን እዚያው ከሚኖር ሰው አጣሩ። ማዘጋጃ ቤቱ በማይሠራበት ከተማ ስም ማዛወር አይቻልም። ስም የማይዛወርበት ቤት ላይ ደግሞ ቀብድም ቢሆን አትክፈሉ።

2. መጀመሪያ ተከራዩ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ። ሳትከራዩ አትግዙ። ሁለት ወቅቶች አይታለፉም፤ ክረምቱና የበጋው መጨረሻ። በነሐሴ የጎርፉን መሄጃ፣ ጭቃውንና የጣራውን ፍሳሽ ታያላችሁ። በመጋቢትና በሚያዝያ ቧንቧው ስንት ቀን እንደሚጠፋ ታውቃላችሁ። ጥቅምት ላይ ሁሉም ከተማ ያምራል። ሜዳው አረንጓዴ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ምንጩ ሙሉ ነው። ደላላም ቤት ማሳየት የሚወደው ያኔ ነው።

መከራየት የማይቻላችሁ ከሆነ፣ ለምሳሌ ውጭ ሀገር ያላችሁ፣ የምታምኑትን ሰው በነዚህ ሁለት ወቅቶች ልካችሁ ቪዲዮ አስቀርጹ። ቪዲዮው ቤቱን ብቻ እንዳያሳይ። ከዋናው መንገድ እስከ ግቢው በር ያለው መንገድ፣ ዲቹ፣ የጎረቤቱ ግቢ ሁሉ ይታይ። ዝናብ እየጣለ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል።

በኪራይ ስትቆዩ ሌላም ጥቅም አለው። የሚሸጥ ቤት ወሬ ከደላላ በፊት የሚደርሰው ቡና ለሚጠጣ ጎረቤት ነው።

3. መሬቱንና ውኃውን እዩ

በአፈሩ ጀምሩ። ቀይ አፈርና ድንጋያማ መሬት ለቤት ይስማማል። የሚያስቸግረው ጥቁሩ ዋልካ ነው። ክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ቤቱን እያነሣ እያወረደ ግድግዳውን ይሰነጥቀዋል። በበጋ ግቢው ውስጥ ዙሩ። መሬቱ ተሰንጥቆ እጃችሁ የሚገባበት ቦታ ካለ ዋልካ ነው። ከዚያ የቤቱን በርና መስኮት ማዕዘኖች እዩ። ከማዕዘኑ ተነሥቶ ሰያፍ ወደ ላይ የሚሄድ ስንጥቅ ካለ መሠረቱ ተንቀሳቅሷል ማለት ነው። ዋልካ ላይ አዲስ ቤት ለመሥራት ጥቁሩን አፈር ቆፍሮ አውጥቶ ገረጋንቲ መሙላትና መጠቅጠቅ ያስፈልጋል። ዋጋ ስትደራደሩ ይህን ወጪ አስቡት።

ቀጥሎ ጎርፍ። የግድግዳውን ታችኛ ክፍል፣ የአጥሩን ግርጌ እዩ። ቀጥ ያለ የጭቃ መስመር ካለ ውኃ እዚያ ድረስ ደርሷል። አዲስ ቀለም ከታች ብቻ የተቀባ ግድግዳም ጥያቄ ያስነሣል። ከዚያ ጎረቤት ያሉ እማማን ጠይቁ። «ክረምት ላይ ውኃው በየት ነው የሚያልፈው?» በሉ። «ጎርፍ አለ ወይ?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ የጎረቤትን ገበያ ላለማበላሸት «ኧረ የለም» ሊሏችሁ ይችላሉ። በየት እንደሚያልፍ ስትጠይቁ ግን በእጃቸው ያሳዩዋችኋል።

ተዳፋት ላይ የሚገዛ ሰው ከዚህም በላይ ይጠንቀቅ። ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና የሚወርደው ገደላማ አካባቢ በመሬት መንሸራተት የታወቀ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጎፋ ውስጥ የደረሰው ደግሞ ከ200 በላይ ሰው ቀብሯል። ከቤቱ በላይ ያለው ዳገት ላይ ዛፎቹ ወደ ታች ያዘነበሉ፣ መሬቱ በአግድም የተሰነጠቀ ወይም ድሮ ያልነበረ ምንጭ የፈለቀ ከሆነ ያን ቤት ተዉት። ዋጋው ምንም ያህል ቢቀንስ ተዉት።

ውኃ ላይ «ቧንቧ አለው» የሚለው መልስ አይበቃም። በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ቀን ነው ሌሊት? ከዳገቱ ላይ ላለው ቤት ግፊቱ ይደርሳል? ፈረቃ ባለበት ከተማ ሮቶ የግድ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። አምስት ሰው በቀን በነፍስ ወከፍ 40 ሊትር ቢጠቀም 200 ሊትር ነው። 2000 ሊትር ሮቶ አሥር ቀን ያቆያል። ፈረቃው አሥራ አምስት ቀን ከሆነ የዚህ ሮቶ ውኃ አምስት ቀን ቀድሞ ያልቃል።

የጣራ ውኃም አይናቅ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ጣራ ላይ አንድ ሊትር ይሰጣል። 60 ካሬ ጣራ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ከዘነበ ወደ 1200 ሊትር ይጠጋል፤ ጥቂቱ ይባክናል። አሸንዳ አስገጥሞ ወደ በርሜል ወይም ሮቶ ማውረድ ብቻ ነው። ለልብስና ለግቢ አትክልት ይበቃል። ግቢው ውስጥ የውኃ ጉድጓድ ካለ ከሽንት ቤቱ ያለውን ርቀት በሜትር ለኩ። ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፣ ሽንት ቤቱም ከጉድጓዱ በታች ባለው ተዳፋት ይሁን። የጎረቤት ሽንት ቤትም ይቆጠራል።

መብራትን የምትፈትኑት ማታ ነው። አንድ ሰዓት ላይ ሁሉም ምጣድና ምድጃ ሲሰካ ሄዳችሁ አምፖሉን አብሩ። ብርሃኑ ቀልቶ ከደበዘዘ ትራንስፎርመሩ ተጨናንቋል። እንጀራ ለመጋገር ሌሊት መነሣት ሊኖር ነው። ቆጣሪው በማን ስም እንደሆነ፣ ቀሪ ዕዳ እንዳለበትም ጠይቁ። ከጎረቤት ቆጣሪ በገመድ የተሳበ ከሆነ የራሳችሁን ለማስገባት ጊዜና ገንዘብ መድቡ።

4. ቤቱን ፈትሹ

ትንሽ ከተማ ላይ አብዛኛው ቤት ጭቃ ቤት ነው። ይህ ሊያስፈራችሁ አይገባም። ደህና የተመረገ፣ ከድንጋይ መሠረት ላይ የተነሣ፣ ጣራው ከግድግዳው ወጣ ያለ ጭቃ ቤት ሙቀትና ብርድን ከብሎኬት በተሻለ ይችላል። ችግሩ ያለው ከታች ነው። ቢላዋ ወይም ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነ ካቻቪቴ ያዙ። በማዕዘኖቹ ያሉትን ቋሚዎች መሬት ላይ በሚያርፉበት ቦታ ወጉ። ጫፉ እንደ ዳቦ ከገባ እንጨቱ በስብሷል ወይም ምስጥ በልቶታል። ከምርጊቱ ሥር ቀጭን የአፈር ቱቦ ወደ ላይ ከወጣ ምስጡ አሁንም እየሠራ ነው።

ከዚያ ጣራውን። ቀን ላይ ውስጥ ገብታችሁ በርና መስኮት ዝጉ። በምስማር ቀዳዳ ብርሃን የሚገባበትን ቁጠሩ። ኮርኒስ ካለው ቡኒ ክብ ምልክት ፈልጉ፤ ዝናብ የሚያፈስበት ቦታ ነው። የግቢው መሬት ከቤቱ ወለል በታች መሆኑን አረጋግጡ።

አንድ የአካባቢውን አናጢ ወይም ግንበኛ ይዛችሁ ሂዱ። የቀን አበሉን ከፍላችሁ በነፃነት እንዲናገር አድርጉ። ደላላው ያመጣው ግንበኛ ግን አይሁን።

በመጨረሻ ቦታውን በሜትር ለኩ። ካርታው 250 ካሬ ካለና መሬት ላይ ያለው 210 ከሆነ ቀሪው የት ሄደ? ጎረቤት ገፍቶት ሊሆን ይችላል። መንገድ ወስዶት ሊሆን ይችላል። ከመግዛታችሁ በፊት መልስ ይኑረው።

5. ይዞታው ምን ዓይነት እንደሆነ ለዩ

ኢትዮጵያ ውስጥ መሬት አይሸጥም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። የምትገዙት ቤቱን ነው፤ መሬቱ ላይ የሚተላለፍላችሁ የመያዝና የመጠቀም መብት ነው። ስለዚህ ባለቤቱ መሬቱን በምን መብት እንደያዘው ማወቅ አለባችሁ።

ነባር ይዞታ የሚባለው ከሊዝ በፊት የተያዘው ነው። በ2004 ዓ.ም. በወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 መሠረት ነባር ይዞታ ከውርስ ውጪ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ሥርዓት ይገባል። ስለዚህ ከቤቱ ዋጋ ሌላ የሊዝ ክፍያ ሊኖርባችሁ ነው። ከተማው ዛሬ በምን ደንብ እንደሚያሰላው ዋጋ ከመቁረጣችሁ በፊት ማዘጋጃ ቤት ገብታችሁ ጠይቁ።

ሊዝ ከሆነ የሊዝ ውሉን አንብቡ። በዚያው አዋጅ ለመኖሪያ ቤት ዘመኑ 99 ዓመት ነው። ስንት ዓመት ቀርቶታል? በየዓመቱ የሚከፈለው እስከ ዛሬ ተከፍሏል? ደረሰኞቹን እዩ፤ ቀሪው ክፍያ ወደ እናንተ ይዞራል። ባዶ የሊዝ ቦታ «ሽጥልኝ» ብሎ መግዛት ደግሞ ጣጣ ያመጣል። ሕጉ ግንባታው ሳይጀመር ወይም ግማሽ ሳይደርስ መብቱን አትርፎ ማስተላለፍን አጥብቆ ይገድባል።

የቀበሌ ቤት አይገዛም። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆኗል። ከዚያ የመጡት ቤቶች ዛሬም የመንግሥት ናቸው። ተከራዩ «ልልቀቅላችሁ» ብሎ ገንዘብ ቢጠይቅ የሚሸጠው የራሱ ያልሆነውን ነው።

በጣም የምለምናችሁ ስለ ከተማ ዳር መሬት ነው። ገበሬው ማሳውን በ200 በ200 ካሬ ቆራርጦ ይሸጣል። ዋጋው ያጓጓል። ሰውም ይገዛል፤ ብዙ ሰው ስለገዛ ብቻ ደኅና ይመስላል። የገጠር መሬት ግን መሸጥ አይቻልም። ውሉን «የ25 ዓመት ኪራይ» ወይም «ስጦታ» ብለው ቢጽፉትም ሽያጭ መሆኑ ሲታወቅ ይፈርሳል። በላዩ ላይ የሚሠራው የጨረቃ ቤት ነው። ካርታ የለውም፣ ቆጣሪ በስሙ አይገባለትም። ከተማው ሲሰፋና መንግሥት ቦታውን ሲፈልግ በአዋጅ 1161/2011 ካሳ የሚከፈለው ለሕጋዊ ባለይዞታ ነው። የጨረቃ ቤት ገዢ ያለ ካሳ ይነሣል። ዕድሜ ልካችሁን ያጠራቀማችሁትን ገንዘብ «ወደፊት ሕጋዊ ይደረጋል» በሚል ተስፋ ላይ አትጣሉ።

የመንግሥት ሠራተኞችና ነዋሪዎች ተደራጅተው በቤት ሥራ ማኅበር ቦታ የሚያገኙበት መንገድም አለ። ለመጠበቅ ጊዜ ካላችሁ ከተማው አሁን እየመዘገበ መሆኑን ጠይቁ።

6. ማዘጋጃ ቤት ግቡ

ከሻጩ ጋር አብራችሁ ሂዱ። ካርታውን በእጃችሁ ይዛችሁ ፋይሉ እንዲወጣ ጠይቁ። በእጃችሁ ያለው ካርታ ቁጥር፣ ስም፣ ስፋትና አዋሳኝ ከፋይሉ ጋር አንድ መሆን አለበት። ፎቶኮፒ አይታመንም።

ሦስት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ዕዳና እገዳ። ቤቱ በባንክ መያዣ ሊሆን ወይም ፍርድ ቤት አግዶት ሊሆን ይችላል። ከዕዳና እገዳ ነፃ የሚለው ደብዳቤ ውሉ በሚፈረምበት ሳምንት የወጣ ይሁን። የስድስት ወር አሮጌ ደብዳቤ ዋጋ የለውም። ሁለተኛ፣ የቦታና የቤት ግብር እስከ ዘንድሮ መከፈሉን። ሦስተኛ፣ የከተማው ፕላን። አብዛኛው ሰው ይህን ይረሳዋል። ቤቱ ዋናው መንገድ ዳር ከሆነ መንገዱ ወደፊት ስንት ሜትር እንደሚሰፋ በፕላኑ ላይ ያሳዩዋችሁ። የኮሪደር ልማት ከአዲስ አበባ አልፎ የክልል ከተሞች ገብቷል። ለሱቅ ካልሆነ በቀር እኔ ከዋናው መንገድ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ መስመር ላይ ያለውን ቤት እመርጣለሁ። አቧራውም ይቀንሳል፣ የመፍረስ ስጋቱም።

7. ማን ነው የሚፈርመው?

ትንሽ ከተማ ላይ ቤት የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ወላጅ ሲሞት ነው። ጉዳዩ ይህን ይመስላል። አባት አርፈዋል፤ ካርታው አሁንም በእሳቸው ስም ነው። ልጆቹ አምስት ናቸው። ታላቅየው እዚያው ከተማ አለ፣ ሁለቱ አዲስ አበባ፣ አንዷ ሪያድ፣ ታናሹ ገና 16 ዓመቱ ነው። ታላቅየው «እኔ እሸጣለሁ፣ ሁሉም ተስማምተዋል» ይላል። እውነቱን ሊሆን ይችላል። ግን መስማማታቸው በወረቀት ይታይ። የፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ይኑር። እዚያ ላይ የተጻፈው ሰው ሁሉ ራሱ ይፈርም ወይም ቤት የመሸጥ ሥልጣን በግልጽ የሚሰጥ ውክልና ይላክ። ለ16 ዓመቱ ልጅ ሞግዚቱ የፍርድ ቤት ፈቃድ ያምጣ። እናት በሕይወት ካሉ ግማሹ የእሳቸው ሊሆን ስለሚችል እሳቸውም ይፈርሙ። ሁለት ወር ቢፈጅም ታገሡ። ሪያድ ያለችው እህት ከሦስት ዓመት በኋላ መጥታ «እኔ አልሸጥኩም» ብትል ፍርድ ቤት የምትቆሙት እናንተ ናችሁ።

ባልና ሚስት ከሆኑ ካርታው በአንዱ ስም ቢሆንም ሁለቱም ይፈርሙ። የቤተሰብ ሕጉ የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱ ስምምነት እንዳይሸጥ ይከለክላል። ሻጩ «አላገባሁም» ካለ ከቀበሌ የጋብቻ ሁኔታ ማስረጃ ያምጣ። «ተፋትቻለሁ» ካለ የፍቺውንና የንብረት ክፍፍሉን ውሳኔ አሳዩኝ በሉ። ሰው እንዳይቀየም ብላችሁ ዝም አትበሉ። ጨዋ ሻጭ ይህን ስትጠይቁት አይከፋውም።

ውጭ ሀገር ያላችሁ ገዢዎችስ? ውክልናውን በኤምባሲ ወይም ቆንስላ ትሰጣላችሁ፣ እዚህ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል። ውክልናው «ቤት እንዲገዛልኝ፣ ውል እንዲፈርም፣ ስም እንዲያዛውር» ብሎ በዝርዝር ይጻፍ። የምትወክሉት ሰው የሻጩ ዘመድ አይሁን። ዜግነት የቀየራችሁ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ቢጫ ካርዱን፣ ማለትም የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያውን፣ ካወጣችሁ በአዋጅ 270/1994 የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት የመሆን መብት አላችሁ። ካርዱ ከግዢው በፊት ይውጣ።

8. ውሉና ክፍያው

የመንደር ውል የሚባለውን አትመኑ። ሦስት እማኝ፣ አንድ የሰፈር ጸሐፊ፣ ፊርማና አሻራ አለው፤ ሲያዩት ሙሉ ይመስላል። ግን የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍና በፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ፊት እንዲሆን ያዛል። ሻጩ በኋላ ከካደ የመንደር ውል የያዘ ገዢ ብዙ ጊዜ የሚያስመልሰው የከፈለውን ገንዘብ ብቻ ነው። ቤቱ በዚህ መሀል ዋጋው እጥፍ ሆኖ ይሆናል። ስለዚህ ውሉ ሰነድ በሚያረጋግጠው ጽሕፈት ቤት፣ ሕዝቡ ውልና ማስረጃ በሚለው፣ ፊት ይፈረም። ወረዳው ላይ ከሌለ ዞን ከተማ ድረስ ሂዱ።

ቀብድ ስትሰጡ ትንሽ ይሁን፣ በባንክ ይሁን፣ በጽሑፍም ይሁን። በሕጉ ቀብድ የሰጠ ቢተወው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለ ቢተወው እጥፉን ይመልሳል። ይህ በወረቀቱ ላይ በግልጽ ይጻፍ። እኔ የምመክረው አከፋፈል ሦስት ጊዜ ነው። ቀብድ፣ ከዚያ ውል ሲፈረም ዋናው ክፍያ፣ ከዚያ ስም ሲዛወርና ቁልፍ ሲረከቡ ቀሪው። ቀሪው ሻጩን ለስም ዝውውሩ የሚያስሮጠው ያህል ይሁን።

ግብር ለመቀነስ ብላችሁ በውሉ ላይ ዝቅ ያለ ዋጋ አትጻፉ። ማዘጋጃ ቤቱ የራሱ ግምት አለው። ከዚያም በላይ ሽያጩ ቢፈርስ በሕግ የምታስመልሱት የተጻፈውን ነው። ከቤቱ ሽያጭ ትርፍ ላይ የሚከፈለው ግብር በሕግ የሻጩ ነው፤ የቴምብር ቀረጥና የስም ማዛወሪያ አብዛኛውን ጊዜ ገዢው ላይ ይወድቃል። ማን የቱን እንደሚከፍል ውሉ ላይ ይስፈር። የደላላውንም ኮሚሽን ቤት ከማየታችሁ በፊት ተነጋገሩ። ትንሽ ከተማ ላይ ባጃጅ ያደረሳችሁ፣ ሻይ የቀዳላችሁ ሁሉ በመጨረሻ «እኔ ነኝ ያገናኘሁት» ሊል ይችላል።

ውሉ ከተፈረመ በኋላ ስም ዝውውሩን ለነገ አትበሉ። በስማችሁ የወጣውን ካርታ እስክትይዙ ድረስ ሥራው አላለቀም።

9. ከገባችሁ በኋላ

ከነበራችሁበት ቀበሌ መሸኛ አውጡ። መሸኛ ከሌለ አዲሱ ቀበሌ የነዋሪነት መታወቂያ አይሰጥም፤ መታወቂያ ከሌለ ደግሞ ብዙ በር ይዘጋል። ደመወዝተኛ ካልሆናችሁ ቀበሌው ላይ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ምዝገባን ጠይቁ። በዓመት መዋጮ በጤና ጣቢያና በሆስፒታል ያስታክማል። ጡረተኛ ወላጅ ላለው ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

እድር ወዲያው ግቡ። መዋጮው ትንሽ ነው፤ ዘግይቶ የሚገባ ግን የቆየውን መክፈል ሊጠየቅ ይችላል። ለቅሶ ሲኖር፣ ሟቹን ባታውቁትም፣ ሄዳችሁ ተቀመጡ። አዲስ ሰው የሚታወቀው እዚያ ነው። ጎረቤት ቡና ከጠራችሁ አንድ ስኒም ቢሆን ጠጡ፣ በሌላ ቀን ደግሞ እናንተ ጥሩ። ሌሊት ምጥ ሲመጣ ወይም ሌባ አጥር ሲዘል የሚደርሰው ይህ ጎረቤት ነው።

የገበያ ቀኑን ኑሯችሁ ላይ አስገቡ። ባቲ ሰኞ፣ ሰንበቴ እሑድ ይቆማል፤ የእናንተም ከተማ የራሱ ቀን አለው። እህል፣ ቅቤ፣ በርበሬ በገበያ ቀን ከገበሬው እጅ ሲገዛና በሌላ ቀን ከሱቅ ሲገዛ ልዩነቱ ሰፊ ነው። ጤፍ በጥርና በየካቲት፣ አዝመራው ሲገባ፣ የዓመቱን ለመግዛት ሞክሩ።

ከስልክ ወይም ከኮምፒውተር ሥራ የምትኖሩ ከሆነ መብራት ሲጠፋ ኔትወርኩም አብሮ እንደሚደክም አስቡ። ትንሽ ሶላርና ባትሪ፣ የሁለቱም ኩባንያ ሲም ካርድ ይኑራችሁ።

ግቢው ሰፊ ከሆነ ሰርቪስ ቤት ጨምሮ ማከራየት ደህና ገቢ ነው። ዩኒቨርሲቲ፣ ሆስፒታል ወይም አዲስ የተመደበ መምህር ባለበት ከተማ ተከራይ አይጠፋም። ለዚያ ግን አንድ ክፍልም ብትሆን ከማዘጋጃ ቤት የግንባታ ፈቃድ አውጡ። ከጎረቤት ወሰን መራቅ ያለባችሁን ርቀት አስለኩ። የሽንት ቤቱን ጉድጓድ ቦታ ከጎረቤታችሁ ጋር ቆማችሁ ተስማሙ፤ ቁፋሮውን ከዚያ ጀምሩ።